ብሔራዊና ሀገር ፍቅር ገብቶ ቴአትር ማየት

«ቴአትር አንድ ጊዜ ገብቼ አይቻለሁ፤ አልሆነልኝም» የሚል ሰው በየቦታው ያጋጥመኛል። የት እንደተቀመጠና ስንት ሰዓት እንደገባ ስጠይቀው ታሪኩ ያው ነው። ትዕይንቱ ከተጀመረ በኋላ በጨለማ እየተደናበረ ገባ፣ ያገኘው ወንበር ከኋላ ጥግ ነበር፣ የተዋናዮቹን ንግግር ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ገመተ፣ ከጎኑ የነበረው ሰው ደግሞ ስልኩን ይነካካ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ተውኔቱን ጠላው ለማለት ይከብደኛል። አላየውማ!

በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ለዓመታት ስመላለስ የገባኝ ነገር ቢኖር የእኛ ቴአትር ከሚታየው ይልቅ የሚደመጠው መብዛቱ ነው። መድረኩ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ሳሎን፣ አንድ ሶፋ፣ ግራና ቀኝ በር፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ዓለም፣ ገጠሩን፣ ጦርነቱን፣ የሞተውን አባት፣ የተካደችውን ሴት፣ ሁሉንም የሚሸከመው ቃል ነው። ቅኔና ሽሙጥ የለመደ ሕዝብ ወደ ቴአትር ቤት የመጣው ጆሮውን ይዞ ነው። ስለዚህ ቀን ስትመርጡም ሆነ ወንበር ስትይዙ፣ ከማን ጋር እንደምትሄዱ ስትወስኑም ጭምር፣ መለኪያችሁ «በደንብ እሰማለሁ ወይ?» የሚለው ይሁን።

አዳራሾቹን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ የትውልድ ታሪካቸው እስከ ዛሬ ድረስ በድምፃቸው ውስጥ አለና። ብሔራዊ ቴአትርን ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስትወጡ ታገኙታላችሁ፤ ከፊቱ የቆመው የአንበሳ ሐውልት ያሳብቅበታል። ሕንፃው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረ ነበር። በኋላ ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት አጠናቀቀውና በ1948 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። አንበሳውም የዚያው የኢዮቤልዩ በዓል ልጅ ነው፤ የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። በመክፈቻው መድረክ ላይ የታየው «ዳዊትና ኦርዮን» የተሰኘው ተውኔት ሲሆን ጸሐፊው በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ተውኔት የሚጽፍበት ዘመን ነበር እንግዲህ። ወደ ጉዳዬ ስመለስ፣ ለሲኒማ ታስቦ የተነሳ፣ ከሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ ሰፊና ጥልቅ ነው። ለፊልም ይህ ችግር አይደለም፤ ድምፁ ከማጉያ ይመጣል። የሰው ጉሮሮ ግን ያን ሁሉ ርቀት መሙላት አለበት።

ሀገር ፍቅር ሌላ ነው። ፒያሳ ያለው ይህ ቤት የተወለደው እንደ ማኅበር ነው። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወረራ ሲያንዣብብ መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን ያቋቋሙት ሕዝቡን ለአገሩ ለማነሳሳት ነበር። በወረራው ዘመን ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ ሥራውን ቀጠለ። ንግግሩ፣ ዘፈኑ፣ ክራሩና ማሲንቆው ከተውኔቱ ጋር እዚያው አብረው አደጉ፤ ጥላሁን ገሠሠም ወደ ክብር ዘበኛ ከመግባቱ በፊት የጀመረው ከዚሁ ቤት ነው። አዳራሹ ከብሔራዊ ስለሚያንስ መድረኩ ቅርብ ነው፤ ተመልካቹም ለመድረኩ ቅርብ ነው፤ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ቅርብ ነው። እዚያ ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሐዲው ገጸ ባሕርይ ከበር ጀርባ ተደብቆ ሲያደምጥ «ኧረ አለልሽ ከኋላሽ!» የሚል ድምፅ ከመሐል ይወጣል። የመጀመሪያ ቀናችሁ ከሆነ፣ የሚያስቅና የቤተሰብ ነገር ያለበት ተውኔት ምረጡና ከሀገር ፍቅር ጀምሩ እላለሁ። ታሪካዊ ተውኔት፣ ብዙ ሰው የሚወጣና የሚገባበት ትልቅ ዝግጅት ሲኖር ደግሞ ብሔራዊ ግቡ።

አሁን ስለ ቀኑ። በእኛ ቴአትር ቤቶች አንድ ተውኔት በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ተሰጥቶት ለወራት፣ ተመልካች ካገኘ ለዓመታት ይታያል። በሌላው ቀን በዚያው መድረክ ሌላ ተውኔት አለ። ይህን የማያውቅ ሰው በሰማው ማስታወቂያ ተስቦ ሄዶ ያላሰበውን ተውኔት ያያል። ቀኑንና ሰዓቱን ከቴአትር ቤቱ በር ላይ ከተሰቀለው ማስታወቂያ አንብቡ፤ የመግቢያ ዋጋውም እዚያው አለ። የሬዲዮ ማስታወቂያ ቀኑን ለማወቅ ይረዳል እንጂ ተውኔቱን ለመምረጥ አይረዳም። የሚያሰማችሁ በጣም የሚያስቀውን መስመር ነው፤ ከዚያም አዳራሽ ውስጥ ያው መስመር ሲመጣ ሁሉም አስቀድሞ ስለሚስቅ የተዋናዩ ንግግር ይሰጥማል።

ምረቃ የሚሉትን የመጀመሪያውን ቀን አልመክርም። ንግግር አለ፣ የአበባ እቅፍ አለ፣ ካሜራ ይዞ በየመተላለፊያው የሚንቆራጠጥ አለ፣ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች በክብር እንግዶች የተያዙ ናቸው። ተዋናዮቹም ገና ቃለ ተውኔቱን ከአእምሯቸው እየመዘዙ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚጫወቱ አንድ ተውኔት እስኪበስል ወር ሁለት ወር ይፈልጋል። በሌላ በኩል በጣም የቆየ ተውኔት ሌላ በሽታ አለበት፤ ተዋናዮቹ በሳቅ ተደልለው ከጽሑፉ ውጭ እየጨመሩ ይሄዳሉ፣ የዋናው ሰው ቦታ ላይ ተተኪ ይገባል፣ የሁለት ሰዓቱ ተውኔት ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በመካከል ያለው ጊዜ ነው ጣፋጩ። የበዓል ቀን ዝግጅት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ልጆች በአዲስ ልብስ ይመጣሉ፣ ፋንዲሻው ይንኮሻኮሻል። ለደስታ ከሆነ ሂዱ፤ ለመስማት ከሆነ ሌላ ቀን ይሻላል።

በማስታወቂያው ላይ የማያቸው ስሞች ቅደም ተከተል አላቸው። ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ «እንትና አለበት» ብሎ ይገባል፤ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው አዘጋጁ፣ ተዋናዮቹን መድረክ ላይ የሚመራው ሰው፣ ማን እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ ደራሲውን። በቴሌቪዥን ድራማ የገነነ ፊት ሁሉ የመድረክ ድምፅ አለው ማለት አይደለም። ካሜራ ሹክሹክታን ይወዳል፤ መድረክ ግን ሹክ ሲሉም እስከ መጨረሻው ረድፍ የሚደርስ ትንፋሽ ይጠይቃል። ይህ ሥልጠና ያላቸውን ተዋናዮች ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አድምጡ። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ደካማ ተዋናይ ትንፋሹ ሲያልቅበት ግሡን ይውጠዋል፤ «መጣ» ይሁን «አልመጣም» ሳይታወቅ ይቀራል። ጎበዙ ተዋናይ ግሡን እንደ ገንዘብ ቆጥሮ ያስረክባችኋል።

ወንበርን በተመለከተ፣ በሄድኩባቸው ዝግጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይመርጣል። ስለዚህ ትኬት ቆርጦ ውጭ ቡና እየጠጡ ሰዓት መጠበቅ ትርፉ ጥግ ነው። በሩ ሲከፈት ግቡ። ምድር ላይ፣ መሐል ለመሐል፣ ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ረድፍ ያለው ለእኔ ተስማሚው ቦታ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ረድፎች አንገት ያስቀጣሉ፤ መድረኩ ከፍ ስለሚል ከመድረኩ ወለል ጋር ፊት ለፊት ትፋጠጣላችሁ። ከፎቁ ሥር ያሉት የኋላ ወንበሮች ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ስለሚልባቸው ድምፁ ተደፍኖ ይመጣል። ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንድ ዝግጅቶች ከመድረኩ ጫፍ ወይም ከላይ ማይክሮፎን ያደርጋሉ። ያኔ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ከተቀመጣችሁ የምትሰሙት ከሰውዬው አፍ ሳይሆን ከሳጥኑ ነው፤ የጫማ ኮቴው ከንግግሩ በልጦ ይጮኻል። ከሳጥኑ ራቁ።

ወንበር ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ያየሁበትን አንድ አጋጣሚ ልንገራችሁ። መድረክ ላይ አንድ ሽማግሌ አባት ከልጁ የመጣ ደብዳቤ ተሰጠው። ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ እንደማይችል ደግሞ ለሰጠው ወጣት መናገር አይፈልግም። ደብዳቤውን ዘርግቶ አየው፣ ገለበጠው፣ መነጽር እንደሚፈልግ ሰው የኮቱን ኪሶች አንድ በአንድ ዳበሰ፣ መነጽር እንደሌለው እያወቀ። አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ከነበርኩበት ረድፍ ወረቀቱ እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚያወጣው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አጠገቤ የነበረች ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። በዚያችው ቅጽበት ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንድ ሽማግሌ ኪሱን እየዳበሰ ግራ ገብቶታል፤ ያስቃል። ተዋናዩ ሳቁ እስኪያልቅ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ጠበቀ፤ ከዚያ ደብዳቤውን ለወጣቱ መልሶ «ብርሃኑ ደከመኝ፤ እስቲ አንተ አንብብልኝ» አለ። ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ ዝም አለ።

ስለ ሳቅ ካነሳሁ አይቀር፣ አዲስ ገቢዎችን የሚያበሳጨው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ሰው ሲሞት ይሳቃል፣ ባል ሚስቱን በጥፊ ሲመታ ይሳቃል፣ ሁለት ፍቅረኞች ሲጠጋጉ ፉጨት ይነሳል። አንድ ቀን በእንዲህ ያለ ሳቅ ተማርሬ ራሴን ስነቀንቅ ያዩኝ፣ ከጎኔ የነበሩ አዛውንት ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ አትናደድ። የጨነቀውም ይስቃል» አሉኝ።

«አባባ፣ ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ድሮማ ባሰ እንጂ! ሴት ተዋናይ በሌለበት ጊዜ ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰው ሲወጡ ማን ዝም ይላል?»

እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሴት ወደ መድረክ መውጣት ነውር ስለነበር የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እኛ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ያደግንባቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ያን አጥር ሰብረው ከወጡት ቀዳሚ ሴቶች መካከል የክራሯ አስናቀች ወርቁ ትገኛለች። አዛውንቱ እነ ወጋየሁ ንጋቱን በሕይወት እያሉ መድረክ ላይ ያዩ ሰው ነበሩና በእረፍት ሰዓት የነገሩኝን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ብቻችሁን ከሄዳችሁ ከሽማግሌ አጠገብ ተቀመጡ፤ ምክሬ ነው።

መዘጋጀትን በተመለከተ ሐሳቤ እንደ ተውኔቱ ይለያያል። ኮሜዲ ከሆነ ምንም ሳታውቁ ግቡ። የግጥም ተውኔት ከሆነ ግን፣ በተለይ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራ ዳግም ሲዘጋጅ፣ መጽሐፉ ካለ የመጀመሪያውን ገቢር፣ ማለትም የተውኔቱን የመጀመሪያ ክፍል፣ አንብባችሁ ብትሄዱ ይበጃችኋል። የጸጋዬ ስንኝ ረጅም ነው፤ አንዱን ምስል ሳትጨርሱት ሌላው ይደርብባችኋል። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ሲመልስም ያንኑ ጉልበት ነው የተጠቀመው። ጆሮ ወደዚያ ምት እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፤ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ጥቂት ገጽ ማንበብ ያንን ጊዜ ያሳጥረዋል። የመንግሥቱ ለማ ተውኔቶች ግን ንግግራቸው የሳሎን ንግግር ስለሆነ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይዟችሁ ይሄዳል። የዘመኑ ተውኔቶች አብዛኞቹ ስለማይታተሙ እዚያው መስማት ነው።

ስልክ አጥፉ። ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ በጨለማ አዳራሽ የአንድ ስልክ ብርሃን ለመድረክ ተዋናይ እንኳ ይታያል። ቪዲዮ መቅረጽ ደግሞ በብዙ ቦታ ክልክል ነው፤ ባይከለከልም አትቅረጹ።

አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። በአንድ ቴአትር ቤት ቤተሰብ ይዤ ደርሼ በር ላይ በእጅ የተጻፈች ወረቀት ተለጥፋ አገኘሁ፤ የዕለቱ ትዕይንት የለም ትላለች፤ ምክንያት የላትም። ከሩቅ ሰፈር ለመጣ ሰው ይህ ያማል። ከዚያ ወዲህ ከቤት ከመውጣቴ በፊት መደወል ወይም በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ትኬት ከቆረጣችሁ በኋላ ከተሰረዘ ቁራጩን አትጣሉት፤ ገንዘቡን ለማስመለስም ሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ለመግባት ያለ እሱ ማንም አያናግራችሁም። መብራት ከጠፋ ግን ለመውጣት አትቸኩሉ። አንዴ በትዕይንቱ መሐል ጭልም ሲል መድረክ ላይ የነበረችው ተዋናይ ለአፍታ እንኳ ሳታቋርጥ፣ «ይኸው፣ ስምህን ስጠራ ቤቱም ጨለመ» ብላ ቀጠለች። ከመጋረጃው ጀርባ የእጅ ባትሪ አበሩላት። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የሰማነው ንግግር የዚያ ምሽት ምርጡ ነበር፤ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ሁሉም ሰው ጆሮ ሆኖ ነበር።

ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ «እህቴ፣ ለልጅ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። በቅንነት ይነግሯችኋል። ማስታወቂያው ላይ የሚስቁ ፊቶች ስላሉ ብቻ ለልጅ የሚሆን ተውኔት አይደለም። ትልልቅ ሰዎችን በተመለከተ ደግሞ አክስቴን ይዤ ስሄድ የተረዳሁት ደረጃው ነው የሚያደክማቸው። ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ በር ላይ ላሉት ተቆጣጣሪዎች «እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ብትሉ ምድር ላይ መተላለፊያ አጠገብ ያስቀምጧቸዋል። አክስቴ ከአዳራሽ ስትወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ያ ልጅ፣ ክፉው፣ በእውነት ክፉ ነው?» የሚል ነበር። ተዋናዩ ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ ስታየው ሰላም ማለት አልፈለገችም፤ በግድ ነው የጨበጠችው። እሱም ሳቀና «እማማ፣ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም» አላት።

ትዕይንቱ ሲያልቅ ታክሲ እንዳያመልጠው ሰልፉን የሚያስብ ሰው ተዋናዮቹ እጅ ሲነሱ ቆሞ እየወጣ ነው። እባካችሁ ያችን ሁለት ደቂቃ ታገሡ። ከብሔራዊ ወደ ሜክሲኮም ወደ ለገሃርም በእግር መሄድ ይቻላል፤ ከሀገር ፍቅርም ፒያሳ ቅርብ ናት። የምሽት ትዕይንት ከሆነና ሰፈራችሁ ሩቅ ከሆነ ከጓደኛ ጋር ሂዱ፤ የመመለሻውን ነገር ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱት። በሰዓት እየተጨነቀ የሚያይ ሰው የመጨረሻውን ገቢር አያየውም።

የወደዳችሁትን ተውኔት ደግማችሁ እዩት። በሳምንት አንድ ቀን ለወራት ስለሚቆይ ጊዜ ታገኛላችሁ። በዚህ ጊዜ ታሪኩን ስለምታውቁት ለጆሯችሁ የሰጣችሁትን ቦታ መልቀቅ ትችላላችሁ፤ ፎቅ ውጡና ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ከላይ ሲታይ ማን ከማን እንደሚርቅ፣ ማን ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማን እንደሚነሳ፣ አዘጋጁ ሰዎቹን እንዴት እንዳሰለፋቸው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የሚናገረውን ተዉት፤ የማይናገረውን ተመልከቱ። ጌቶቹ ስለ ርስት ሲከራከሩ ጥግ ላይ ቡና የምትቀዳው ሠራተኛ የትኛው ስም ሲጠራ ስኒውን እንደምታስቀምጥ በመጀመሪያው ቀን ከታች ሆናችሁ አላያችሁትም።